ሳይቀላ የሚቀልጥ፦ የተሰበረ የአልሙኒየም የመኪና ዕቃ እንዴት ይበየዳል?

የካምቢዮ ሳጥን ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሄደው ጆሮው ነው፤ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ብሎን የሚያልፍበት ወጣ ያለው ክፍል። ካምቢዮ ሲወርድ አንድ ብሎን ይረሳና በፓላንኪኖ፣ በረጅሙ የብረት መፈልቀቂያ፣ ይፈለቀቃል። ወይም ሲገጠም ሳጥኑ በቦታው ሳይቀመጥ ብሎን እያጠበቁ ሊስቡት ይሞክራሉ። ቀጭ ይላል፣ አለቀ። የስብራቱ ፊት ግራጫ ሆኖ እንደ ስኳር ፍርፍር ያለ ነው። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይበየዳል?"

አብዛኛውን ጊዜ ይበየዳል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ጎበዝ ባለሙያ እንኳ አልሙኒየም ላይ የመጀመሪያ ቀኑ ያሳፍረዋል። ብረት ሲሞቅ ይናገራል፤ ይቀላል፣ ይነጣል፣ ከዚያ ነው የሚቀልጠው። አልሙኒየም ዝም ይላል። ሲቀዘቅዝም ብርማ ነው፣ ሊቀልጥ አንድ እርምጃ ሲቀረውም ብርማ ነው። ንጹሕ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ለመኪና ዕቃ የሚቀልጡት ቅይጦች ደግሞ ከ600 ዲግሪ በታችም መለስለስ ይጀምራሉ። ፊቱ ብርሃን የማመንጨት አቅሙ ደካማ ስለሆነ በተራ ብርሃን ቅላት አይታይበትም። በያጁ "ገና ነው" እያለ እሳቱን ሲያቆየው ጆሮው ድንገት ሸርተት ብሎ ወለሉ ላይ ይወድቃል።

ሌላው ጣጣ ቆዳው ነው። አልሙኒየም አየር በነካው ቅጽበት ኦክሳይድ የሚባል ስስ ሽፋን ያወጣል። ውፍረቱ የሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ቢሆን ነው፤ በዓይን አይታይም። ይህ ስስ ነገር ግን የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ቆዳው አልቀለጠም፤ ልክ ፌስታል ውስጥ እንዳለ ውኃ። ሁለት የቀለጡ ጠብታዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ ቆዳቸው እስካልተቀደደ ድረስ አይዋሐዱም። ከላይ ሲታይ የተያያዘ የሚመስል፣ በጣት ሲመታ የሚለያይ ብየዳ የሚወለደው ከዚህ ነው።

በዚያ ላይ አልሙኒየም ሙቀት ቶሎ ይበትናል። ሥራው ሲጀመር ዕቃው ሙቀቱን እየጠጣ አልቀልጥም ይላል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙሉው ጠግቦ በትንሽ እሳት ይፈርሳል። አንድ ዓይነት አምፔር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መጠን፣ ይዞ ከዳር እስከ ዳር መሄድ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ በእግር የሚረገጥ መቆጣጠሪያ እዚህ ላይ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ለእነዚህ ችግሮች የተገኘው መልስ በጋራዥ አፍ "አርጎን ብየዳ" የሚባለው፣ በመጽሐፍ ደግሞ ቲግ የሚባለው ነው። የተወለደው ለአልሙኒየም ተብሎ አልነበረም። 1941 ላይ በአሜሪካው ኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ኩባንያ ይሠራ የነበረ ራስል ሜረዲት የሚባል ሰው ማግኒዚየም ለመበየድ በተንግስተን ዘንግና በሂሊየም ጋዝ ሠራው። በኋላ ሂሊየሙ በርካሹ አርጎን ተተካ፤ ለአልሙኒየም ደግሞ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኤሲ፣ መጣለት። ምስጢሩ ያለው ኤሲው ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። በአንደኛው ግማሽ ሙቀቱ ወደ ዕቃው ገብቶ ያቀልጣል፤ በሌላኛው ግማሽ ቅስቱ፣ ማለትም በዘንጉና በዕቃው መሐል የሚነደው የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ ያንን የኦክሳይድ ቆዳ ከላዩ ላይ ይልጠዋል። በጥሩ ብየዳ ግራና ቀኝ ውርጭ የመታው የሚመስል ነጭ ጠርዝ ይታያል፤ ቆዳው የተላጠበት ምልክት ነው። መሐሉ ላይ ያለው ኩሬ፣ የቀለጠው አልሙኒየም፣ እንደ መስታወት ካላበራ፣ አመድ የለበሰ ከመሰለ፣ የመሙያ ሽቦ መጨመር አይገባም፤ የሆነ ቦታ ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነው።

ቆሻሻ ካልን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሰው ስለ ብየዳ ሲያስብ እሳቱን ያስባል። በአሮጌ የአልሙኒየም ዕቃ ላይ ግን ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ነው፤ ዋናው ጠላትም ዘይት ነው።

እነዚህ ዕቃዎች ቀልጠው በቅርጽ ውስጥ ፈስሰው የተሠሩ ናቸው። በተለይ የካምቢዮ ሳጥንና ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ኮፓ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ በመርጨት ነው። ሥራው ፈጣን ነው፣ ዕቃውም ስስና ቀላል ይሆናል፤ ነገር ግን አየርና የቅርጹ ቅባት አብረው ገብተው በውስጡ ጥቃቅን ክፍተት ይተዋሉ። ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ በአብዛኛው ቀስ ብሎ ስለሚፈስ ከዚህ ይሻላል። እንግዲህ ይህን ባለ ክፍተት ዕቃ ለዓመታት በትኩስ ዘይት ውስጥ አኑሩት፤ ስንጥቅም ካለው ዘይቱ በስንጥቁ ተስቦ ይገባል። ከላይ በጨርቅ ቢያብሱት ያበራል። ቅስቱ ሲነካው ግን ከውስጥ ጥቁር ጥቁር ነጥብ እየፈላ ይወጣል፣ ኩሬው ይተፋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ይሆናል።

ጥቁሩ ነጥብ ካርቦን ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ የሃይድሮጂን ሥራ ነው። ዘይትም ሆነ እርጥበት በቅስቱ ሙቀት ሲፈርስ ሃይድሮጂን ይለቃል። ፈሳሽ አልሙኒየም ሃይድሮጂንን ይጠጣል፤ ሲጠጥር ግን ሊይዝ የሚችለው ከዚያ ወደ ሃያኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው መውጫ ሲያጣ አረፋ ሆኖ እዚያው ይታሰራል። ስለዚህ የተበሳሳ ብየዳ ሲታይ "ማሽኑ ነው፣ ጋዙ ነው" ከማለት በፊት "ምን ያህል አጥበነው ነበር?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔ አንድ ኮፓ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ በይጄ ሦስት ጊዜ አንጠባጥቦብኛል፤ ጋዙን ሁሉ ቀይሬ ነበር። አራተኛው ላይ ስንጥቁን እስከ ጥግ ከፍቼ ሳየው መሐሉ ላይ የጸጉር ያህል ጥቁር መስመር ቀርቶ ነበር።

አጠባው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዘይቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ነው የሚፈተገው። ሰው በተገላቢጦሽ በሽቦ ብሩሽ ይጀምርና ዘይቱን ራሱ አልሙኒየሙ ውስጥ ያሸዋል። ዕቃው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በአሴቶን ይታበሳል፤ አሴቶኑ ተንኖ ማለቅና ጨርቁም ጣሳውም ከአካባቢው መራቅ አለበት። ብሩሹ ዝገት አልባ ሽቦ ያለው፣ ብረት ነክቶ የማያውቅ፣ ለአልሙኒየም ብቻ የተቀመጠ ይሁን።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሰው ሊሞት የሚችልበት ቦታ ነውና። በቆርቆሮ የሚሸጡ አንዳንድ የፍሬን ማጽጃዎች ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አላቸው። የዚህ ኬሚካል ትነት የብየዳ ጨረር ሲያገኘው ፎስጂን ወደሚባል ጋዝ ይቀየራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጁበት ጋዝ ነው። ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል "ምንም አልሆንኩም" ማለት ዋስትና አይሆንም። ለሚበየድ ዕቃ በዚህ ዓይነቱ ማጽጃ ፈጽሞ አትጠቀሙ።

ስንጥቅ ከሆነ ጫፉ መገኘት አለበት፤ በዓይን ከሚታየው ሁልጊዜ ይረዝማል። ለዚህ ቀይ ቀለም የሚረጭበት ዘዴ አለ፦ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ሲነፋበት ቀዩ መስመር ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ቀለሙም ቢሆን ቆሻሻ ነውና ተመልሶ መታጠብ አለበት። ጫፉ ሲገኝ 3 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ድሪል ይበሳል፤ ስንጥቁ ሲሞቅ ከዚያ ወዲያ እንዳይሮጥ። ከዚያ መስመሩ እስከ ታች፣ ጤነኛው ብሩህ አልሙኒየም እስኪታይ ድረስ፣ እንደ ሸለቆ ይከፈታል። በካርባይድ ጥርስ መፋቅ ይመረጣል፤ ተራ የግራይንደር ድንጋይ በአልሙኒየም ይደፈንና ፍርፋሪውንና ማጣበቂያውን እዚያው ይተዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዘይት ከውስጥ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ልምድ ያለው ሰው ሽቦ ሳይጨምር መስመሩን በቅስት ብቻ አንድ ዙር ያቀልጠዋል። ቆሻሻው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲቀዘቅዝ ያ ሽፋን ተፍቆ ይጣላል። ኩሬው እስኪያበራ ድረስ ይደገማል። አሰልቺ ነው፤ ሌላ አቋራጭ ግን አላየሁም።

ከዚህም በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፦ ዕቃው በእርግጥ አልሙኒየም ነው? ብርማ ሁሉ አልሙኒየም አይደለም። የድሮው ቮልስ ሞተር ብሎክ ማግኒዚየም ነው፤ አንዳንድ የካምቢዮ ሳጥንም እንዲሁ። አሮጌ ካርቡሬተር ብዙ ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው። በክብደት ይለያሉ፤ በእኩል መጠን አልሙኒየም የውኃን 2.7 እጥፍ፣ ማግኒዚየም 1.7 እጥፍ፣ ዚንክ 7 እጥፍ ያህል ይመዝናሉ። ሌላው ዘዴ የማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ፋቅ አድርጎ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ነው፤ ማግኒዚየም ወዲያው አረፋ ይደፍቃል፣ አልሙኒየም ዝም ይላል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የማግኒዚየም ፍቅፋቂ እሳት ከያዘው ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በደረቅ አሸዋ ነው የሚታፈነው።

አልሙኒየም መሆኑ ከተረጋገጠ የመሙያ ሽቦው ምርጫ ቀላል ነው። ለሞተርና ለካምቢዮ የሚቀልጡት ቅይጦች ሲሊከን የበዛባቸው ናቸው፤ ሲሊከን ፈሳሹን ቀጭን አድርጎ የቅርጹ ጥግ ሁሉ ድረስ እንዲገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ሽቦውም ባለ ሲሊከን ይሁን፦ 5 በመቶ ሲሊከን ያለው 4043 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ 12 በመቶ ያለው 4047 ደግሞ ይበልጥ ይፈሳል፣ ለሚያንጠባጥብ ዕቃ ይስማማል። በየመደርደሪያው የሚገኘው 5356 ማግኒዚየም የበዛበት ነው። ለላሜራና ለቱቦ ሥራ ጥሩ ቢሆንም ከ65 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ለሚኖር ዕቃ አይመከርም፤ የሞተር ዕቃ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው የሚውለው።

ወፍራም ዕቃ ቀድሞ ይሞቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ። እርጥበቱ ይወጣል፣ ቅስቱም ሥራውን በቀዝቃዛ ዕቃ ላይ ተፍጨርጭሮ አይጀምርም። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ቢጨምር 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። አንዱ ጥግ ብቻ ተለጥጦ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ሲመለስ ይጎትታል፤ ከብየዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ "ጭር" ሲል የሚሰማው ያኔ ነው።

ሙቀቱን መለካት ራሱ ወጥመድ አለው። ያ ሽጉጥ የሚመስለው የጨረር ቴርሞሜትር በሚያበራ አልሙኒየም ላይ ሲነጣጠር ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። 60 ይላል፣ እጅ ግን ይላጣል። አንድ ቦታ ላይ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ወይም ጥቀርሻ ቀብቶ እዚያ ላይ መለካት ነው መፍትሔው። በተወሰነ ዲግሪ የሚቀልጡ ጠመኔዎችም አሉ፤ እነሱ አይዋሹም።

ወደ ጆሮው እንመለስ። የተሰበረው ቁራጭ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ የስብራቱ ፊት እንደ እንቆቅልሽ ስለሚገጥም ቦታውን ራሱ ይነግራል። ስለዚህ ስብራቱን ሙሉ በሙሉ ፍቆ ማጥፋት ስህተት ነው። ከሁለቱም ጎን ሸለቆው ይከፈትና መሐል ላይ ትንሽ መጋጠሚያ ይቀራል። ከዚያ ሳጥኑ ከአሮጌ ሞተር ፊት ወይም ቀጥ ካለ ወፍራም ብረት ጋር በብሎን ይታሰራል። ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ከተበየደ ጆሮው ወደ ብየዳው ጎንበስ ብሎ ይቀራል። የብሎኑ ቀዳዳ እንዳይደፈን የመዳብ ወይም የግራፋይት ዘንግ ይሰካበታል፤ አልሙኒየሙ አይጣበቅባቸውም።

አምፔሩ በግምት ለአንድ ሚሊሜትር ውፍረት 40 ነው፤ 5 ሚሊሜትር ለሆነ ግድግዳ ወደ 200 ይጠጋል፤ ዕቃው እየሞቀ ሲሄድ በእግር እየተቀነሰ። ከፊትና ከኋላ ጠብ ጠብ ተደርጎ ይያዛል፣ መጋጠሚያው ይታያል፣ ከዚያ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን አጭር አጭር ተደርጎ ይሞላል። ችኩል በያጅ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። ቅስቱን ቀጥ አድርጎ ሲያቋርጠው ኩሬው መሐሉ ላይ ይሰረጉድና ኮከብ የመሰለች ስንጥቅ ትቀራለች፤ ነገ ስብራቱ የሚጀምረው ከእሷ ነው። አምፔሩ ቀስ ብሎ እየወረደ፣ ጉድጓዱ በሽቦ እየተሞላ፣ ጋዙም ጥቂት ሰከንድ እየነፈሰበት ነው የሚጨረሰው። አንገትና ክንድ ይሸፈን፤ አልሙኒየም ጨረሩን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ከጭንብሉ ሥር ገብቶም ያቃጥላል።

ሲያልቅ በሙቀት መከላከያ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ውኃ አይነካውም።

ስለ ጥንካሬው እውነቱን እንነጋገር። ብዙ የቴስታታና የሻሲ ዕቃዎች ጥንካሬያቸውን ያገኙት ከቅይጡ ብቻ ሳይሆን ከሙቀት ሕክምና ነው፦ ወደ 540 ዲግሪ ተሞቀው፣ ድንገት ቀዝቅዘው፣ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ቆይተው። አልሙኒየም ከቀዘቀዘ በኋላ በጊዜ ብዛት እንደሚጠነክር ያገኘው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ነው፣ 1906 ላይ። ብየዳ ይህን ሕክምና በአካባቢው ያፈርሰዋል። ብየዳው ራሱ ቢያምርም ከጎኑ ያለው ጠባብ ክፍል ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሙሉ ሕክምናው ካልተደገመ በቀር አይመለስም። ለካምቢዮ ጆሮ ወይም ለኮፓ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ግድግዳውን ትንሽ አወፍሮ መተው ይቻላል። ለሌላ ዕቃ ግን ነፍስ ነው። ቸርኬ፣ የመሪ ክንድ፣ የጎማ መያዣው ክፍል፣ የፍሬን ካሊፐር፦ እነዚህ ከተሰነጠቁ ይጣላሉ። በያጁ ምንም ያህል ቢካን አቋሜ አይቀየርም፤ ሲሰበሩ ምልክት ሳይሰጡ ነውና።

በጋዝ ነበልባል ብቻ "አልሙኒየም ይበይዳሉ" ስለሚባሉት ዘንጎችም ይጠየቃል። አብዛኞቹ የዚንክ ቅይጥ ናቸው፣ 400 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣሉ። ዕቃውን አያቀልጡትም፤ እንደ ሳልዳቱራ፣ ሽቦ ከሽቦ እንደሚያያዝበት ቆርቆሮ፣ ላዩ ላይ ነው የሚይዙት። ንጹሕ ለሆነ፣ ጫና ለማይበዛበት ትንሽ ቀዳዳ ይሠራሉ። ለተሰበረ ጆሮ ግን አይሆኑም፤ በእነሱ ተሞክሮ የከሸፈ ዕቃ ደግሞ ዚንኩ ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ ለአርጎንም ያስቸግራል።

ፈሳሽ የሚይዝ ዕቃ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ይፈተሻል። ነባሩ ዘዴ በውጭ ጠመኔ ቀብቶ በውስጥ ላምባ ማፍሰስ ነው፤ ላምባው በጸጉር ቀዳዳ ሾልኮ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። ካንጠባጠበ ያ ላምባ ብየዳው ውስጥ ሰርጓልና አጠባው ከሀ ይጀመራል። እኔ ቀድሜ በዝቅተኛ የአየር ግፊትና በሳሙና አረፋ እሞክራለሁ። ቴስታታ ከሆነ ደግሞ ፊቱ በቀጥ ማስመሪያና በስስ የክፍተት መለኪያ ላሜራ ይለካል። የየሞተሩ ልክ የተለያየ ቢሆንም ብዙዎቹ የሚፈቅዱት መጣመም ከ0.1 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ካለፈ ጓርኒሲዮኑን፣ በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለውን ማሸጊያ፣ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ፊቱ ይላጋል።

ለጆሮው ደግሞ ፈተናው ቀላል ነው። ዘንጉ ይወጣል፣ ቀዳዳው በልኩ ይጠራል፣ ፊቱ በሞረድ ከሌላው ጋር ይስተካከላል። ሳጥኑ ሞተሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀመጥና ብሎኑ በጣት ይሽከረከራል። እስከ መጨረሻው በጣት ካልገባ ቀዳዳው ተዛብቷል፤ አውጥቶ ማስተካከል ነው እንጂ ቁልፍ አይነሳም። መጀመሪያም ጆሮውን የሰበረው ቁልፉ ነበር።